ጠፋሁብዎት

ጃፓን ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ተመርጠሻል ስባል መጀመሪያ ያስፈራኝ አውሮፕላኑ አልነበረም። የዋስትናው ቅጽ ነበር። ሮቤ ባለው የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪያችን ወደ ውጭ የሚላክ ሠራተኛ ሁሉ ዋስ ያቀርባል። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ይፈርማል፤ የተላከው ሰው ሳይመለስ ከቀረ ተጠያቂው እሱ ነው። ከእኔ በፊት ሌላ አገር የሄደ አንድ ባልደረባችን አልተመለሰም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ ሲወራ «ቀረ» ወይም «ተሰደደ» የሚል የለም። «ጠፋ» ነው የሚባለው። የጠፋው ሰውዬ ወንበር፣ የጠፋው ሰውዬ ጋውን። ዋስ የሆነችለት ሴት ከሮቤ ጎባ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ፊቷ እንዴት እየጠቆረ እንደሄደ ሁላችንም አይተናል።

አባቴ በሕይወት የለም። እናቴ ጎባ ነው የምትኖረው፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፣ አሁን ጡረታ ላይ ስለሆነች ፊርማዋን አይቀበሉትም። አንድ አጎቴን ጠየቅኩት። «እስቲ ላስብበት» ብሎኝ ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ። ሁለተኛ ሰው ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም። እኔ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ከቤቴ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ።

ቅጹን በደብተሬ ውስጥ ይዤ ሳምንት ሞላኝ። አንድ ቀን የናሙና ጠርሙስ ልወስድ ንብረት ክፍል ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ የጊኒር ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

«ያ ወረቀት ምንድን ነው? ሳምንቱን ሙሉ እንደ ክታብ ይዘሽው ትዞሪያለሽ» አሉኝ።

«ምንም አይደለም ጋሼ።»

«ምንም ካልሆነማ ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት።

«ዋስ አጣሽ?»

የናሙና ጠርሙሶቹን መቁጠር ጀመርኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ እኔ እዚህ ተጎልቼ?» ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም ሲያዝኑም ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ።

«ጋሼ፣ ቤትዎን ሳያማክሩ... የእርስዎ ጡረታ...»

«ጡረታዬ ምን ሆነ? ትመለሻለሽ አይደል?»

«እመለሳለሁ።»

«በይ ጨረስን።» ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ሳይለቁት ያዙና፣ «ግን በየቀኑ ‹አለሁ› ብለሽ ጻፊልኝ። ፎቶ አልፈልግም፣ አበባ አልፈልግም። አለሁ፣ በቃ። ወላሂ ተጠራጥሬሽ አይደለም። ሴትየዋ እንቅልፍ እንዳታሳጣኝ ነው» አሉኝ። ሴትየዋ የሚሏቸው ባለቤታቸውን ነው።

ጃፓን ስደርስ አንድ ነገር አስገረመኝ። የእጅ ሰዓቴን መለወጥ አላስፈለገኝም። እነሱ ከእኛ ስድስት ሰዓት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ስለዚህ እነሱ ጋ ከቀትር በኋላ ሁለት ተኩል ሲል ሮቤም ጠዋት ሁለት ተኩል ይላል። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ማን ምን እያደረገ እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን ጋሼ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ እየከፈቱ ነው። አሁን እናቴ ገበያ ወጥታለች። ከምሳ በኋላ ሁለት ተኩል ሲል «አለሁ» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፤ ቢሮ ሲገቡ ያገኙታል። እሳቸው መልሰው አንድ ቃል ይልካሉ፤ «አብሺር።» በርቺ እንደማለት ነው። አምስት ሳምንት ከአራት ቀን አንድ ቀን እንኳ አላቋረጥኩም።

ሥልጠናው ሐሙስ አለቀ። ወደ አገሬ የምበርው ሰኞ ማታ ነበር፤ ቪዛዬ የሚያበቃው ማክሰኞ። በመሃል ያሉትን ቀናት ክፍሌ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ፣ ሻንጣ እያሰርኩ ላሳልፍ አስቤያለሁ። አብራኝ የምትኖረው ሠልጣኝ ከዛምቢያ የመጣች ልጅ ናት፤ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«ተመልከቺ። ደርሶ መልስ። በዚህ ዋጋ እኔ አገር ዶሮ አትገዢም።»

«ደሴት ነው?»

«ደሴት ነው።»

«ዙሪያውን ባሕር ነው ማለት ነው?»

«ደሴት ሌላ ዙሪያ አለው እንዴ? ዓርብ ሄደን እሑድ እንመለሳለን። ሰኞ አንቺ ወደ አገርሽ ትበሪያለሽ። ደግሞ መቼ ነው ባሕር የምታዪው?»

የቲኬቱን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ሳላነብ እሺ አልልም። ገንዘቡ አይመለስም። ስም አይታረምም። የእጅ ሻንጣ ከሰባት ኪሎ አይበልጥም። በረራው በአየር ጠባይ ቢሰረዝ አየር መንገዱ ማረፊያ አይሰጥም፣ በሌላ አየር መንገድም አያሳፍርም። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያም እሺ አልኩ። ባሕሩን ፈልጌ ይሆን ይሉኝታ ይዞኝ፣ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ልጅቷ ስድስት ሳምንት ሙሉ በእኔ ፋንታ ሱቅ ውስጥ ስትናገርልኝ፣ መንገድ ስትጠይቅልኝ ኖራለች፤ አንድ ነገር ስትለምነኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለጋሼ አልነገርኩም። ለእናቴም አልነገርኩም። እናቴ ባሕር የሚለውን ቃል ከሰማች ሰኞ እስክሳፈር ድረስ እህል አትቀምስም። ጋሼ ደግሞ «ሥልጠናው አልቆ ምን ልታደርጊ?» ይሉኛል።

ርካሽ አውሮፕላኖች የሚነሱበት ሕንፃ ከዋናው አየር ማረፊያ ራቅ ይላል። በእግር ነው የሚኬደው። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ሚዛን ይዛ ቆማለች። ቦርሳዬ ሰባት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም መዘነ። ሹራቤን አውጥቼ በሹራብ ላይ ደረብኩ፣ ጫማ ቀየርኩ፣ ላብ አጠመቀኝ። የዛምቢያዋ ልጅ ከኋላዬ «መነጽርሽንም አውልቂ፣ ከብዷል» እያለች ትስቃለች። በላቦራቶሪ ሚዛን ላይ አምስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሚዛን እንደዚያ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም። አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር ይነካል፣ ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው። መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ከደመናው ስንወጣ ከታች አንዲት አረንጓዴ ቁራጭ መሬት ታየችኝ፤ ቀሪው ሁሉ ውሃ ነው። እዚያች ላይ ነው የምናርፈው? ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ባሌ ተራራ ላይ ያደገ ሰው ሩቅ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። እኔ ውሃ ብዬ የማውቀው የወይብን ወንዝና ሰነቴ አምባ ላይ ያሉትን ትንንሽ ኩሬዎች ነው፤ ሁለቱንም ዳር ሆነሽ ማዶውን ታያለሽ። እዚህ ማዶ የለም። ዓርብ ከሰዓት ባሕሩ ዳር ቆሜ የማረፊያ ነገር ፈለግሁ፤ ዓይኔ እየተንሸራተተ ሄደ። ጓደኛዬ ልብሷን ጥላ ገባች። እኔ ጫማዬን አውልቄ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረስኩ፤ ውሃው ሲመለስ ከእግሬ ሥር አሸዋውን መዝዞ ሲወስድ ተሰማኝና ሮጬ ወጣሁ። ደስ አላለኝም ብል ግን ውሸት ነው። ቅዳሜ ዕለት በሸንኮራ አገዳው ማሳ መሃል ለብቻዬ ሁለት ሰዓት ተራመድኩ። ማንም አያውቀኝም። ማንም «የእገሌ ልጅ አይደለሽም?» አይለኝም። ሰላም የምለው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ዕረፍት መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሁለታችንም ሲም ካርድ አልነበረንም። በሥልጠና ማዕከሉ ዋይፋይ ነበር የምንጠቀመው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ቤታቸው ዋይፋይ የለውም። ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ «አለሁ» አልጻፍኩም። ቅር ብሎኛል፤ ግን እሑድ ማታ እመለሳለሁ፣ እገልጽላቸዋለሁ አልኩ።

እሑድ ጠዋት ነፋሱ ተነሳ። አሮጊቷ መስኮቱን በሰፊ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ እየለጠፉ ነበር። የገላ መታጠቢያውን ገንዳ እስከ አፉ ውሃ ሞሉት። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ እኛም ሮቤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እንዲሁ ነው የምናደርገው። ከዚያ ወረቀት አምጥተው አውሮፕላን ሳሉልን። በላዩ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረጉበት። ከቀትር በኋላ ያለው የእኛ በረራ ነው።

«እና መቼ?» አለቻቸው ጓደኛዬ በእጇ።

አሮጊቷ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ሰማይ አዩ።

ሰኞ ማታ የአዲስ አበባው አውሮፕላን፣ ማክሰኞ ቪዛዬ፣ ሮቤ ውስጥ አንድ ፊርማ። ወደቡ አጠገብ ያለ ሱቅ ዋይፋይ እንዳለው ጓደኛዬ አይታ ስለነበር በነፋሱ ውስጥ ጎንበስ ብለን ሄድን። ሰዓቴ አራት ይላል፤ እዚያ አመሻሽ፣ ሮቤ ረፋድ ነው። ስልኬ ሲያያዝ ከጋሼ ሦስት መልእክት መጣ። የዓርቡ «ሰላም ነሽ?» ይላል። የቅዳሜው «ኢንተላ ኮ?» የእሑዱ ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

አፍሬ መጀመሪያ ይቅርታ ልበል አልኩ። ቸኩዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጋሼ፣ ጠፋሁብዎት። በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ላክሁት። ሁለት ሰማያዊ ምልክት ታየ፤ አንብበውታል። ቀጥዬ ስለ በረራው ልጽፍ «ጋሼ፣ የሆነው ነገር» ብዬ ስጀምር የሱቁ መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣዎቹ ድምፃቸውን አቆሙ። ባለሱቁ በትሕትና እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጓደኛዬ፣ «እሺ፣ ቢያንስ ነገርሻቸው። ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?» አለችኝ።

በእንግሊዝኛ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ብዙ ቀን ዝም ስላልኩ ይቅርታ አድርጉልኝ ማለቴ ነው ልላት ነበር። እኛ የናፈቀን ሰው ስናገኝ «ምነው ጠፋሽ?» እንላለን፣ እሷም «ጠፋሁ አይደል? ይቅርታ» ትላለች። ግን ቃሉን ብቻውን ወደ ሌላ ቋንቋ ላሻግረው ስሞክር አልሻገር አለ። መንገድ የሳተም ጠፋ። ድምፁን ያጠፋም ጠፋ። ውጭ አገር ሄዶ የቀረም ጠፋ። በመሥሪያ ቤታችን ደግሞ ቃሉ ያለው አንድ ትርጉም ነው፤ እሱም ወንበርና ጋውን አለው። ዋሴን፣ ሁለት ቀን ድምፄን አጥፍቼ፣ «ጠፋሁብዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ነው ያልኳቸው። ይህን አንብበዋል። ከዚያ በኋላ ዝም ብያለሁ።

መንገዱ መሃል ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ከድቼ ቀርቻለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው።»

«እንዴት እንዲህ ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«አልጻፍኩም። ግን ጽፌያለሁ።»

ያን ጊዜ የዛምቢያዋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

ስለ ማዕበሉ ብዙ መናገር አልፈልግም። ቤቱ ይጮህ ነበር። አሮጊቷ ሬዲዮናቸውን አቅፈው ተኝተዋል። እኔ የምሰማው ግን ነፋሱን አልነበረም። ሰዓቴን እያየሁ ሮቤ ውስጥ የሚሆነውን እቆጥር ነበር። አሁን ለሴትየዋ ነገሯቸው። አሁን ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ነገ ሁለት ተኩል ላይ ቢሮ ይገባሉ፤ እሳቸው ደግሞ ነገር የሚደብቁ ሰው አይደሉም፤ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይናገራሉ። አንዴ ደብዳቤ ከወጣ ደግሞ ብመለስም የሚቀር ነገር አለ።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥርት ብሎ ነጋ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። አሮጊቷ ከሬዲዮው ሰምተው ሌላ አውሮፕላን ሳሉልን፤ ቀትር ላይ ተጨማሪ በረራ አለ፤ ከጎኑ ረጅም የሰው ሰልፍ ሳሉበት። ቀድሞ የደረሰ ነው የሚሳፈረው። ጓደኛዬ ከአሮጊቷ ጋር ስትሰነባበት እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቀድሜ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ባሕሩ ነበር።

እዚያ አግዳሚ ላይ የመጣብኝን ሐሳብ ለማንም ጽፌ አላውቅም። እንዲህ ነበር። ጋሼ አንብበዋል። አምነዋል። የሚያዝኑትን አዝነዋል። ከእንግዲህ ብመለስ ያን ሌሊት መልሼ አልወስድላቸውም፤ ብቀርም አዲስ ነገር አልጨምርባቸውም። አውሮፕላን ያሰረዘው ነፋስ ነው። ማንም «አንቺ ነሽ» አይለኝም። ጓደኛዬ የሥልጠናው መጨረሻ ላይ እየቀለደች፣ አንዲት ዘመዷ ምግብ ቤት እንዳላት፣ ሰሃን የሚያጥብ ሰው እንደማይጠላ ነግራኝ ነበር። ሐሳቡ አላስደነገጠኝም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሸንኮራ አገዳው መሃል ስሄድ የተሰማኝን ዓይነት ዕረፍት ይዞ መጣ። ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ቀለል አለኝ። እዚያው ተቀመጥኩ፤ አልተነሳሁም፣ አልጸለይኩም።

አውቶቡሱ መጣ። ከዚያ ሁሉ ነፋስ በኋላ፣ በሰሌዳው ላይ በተጻፈው ደቂቃ። ጓደኛዬ እየሮጠች ደረሰች፣ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

አየር ማረፊያው በጄኔሬተር ይሠራ ነበር። ተሰለፍን። ዋይፋዩ ሲያያዝ ለጋሼ ሦስት መልእክት አከታትዬ ላክሁ፤ በረራ ተሰርዞ ነው፣ ዛሬ እመጣለሁ፣ ጠፋሁ ያልኩት ዝም ስላልኩ ነው። አንድ ምልክት ብቻ ታየ፤ አልደረሳቸውም። ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ሰዓቴ አሥር ተኩል ይላል፤ ሮቤ ገና ሌሊት ነው።

ተራችን ሲደርስ ሠራተኛዋ አንድ ጣቷን አነሳች። አንድ ቦታ። የጓደኛዬ የአገሯ በረራ ረቡዕ ነው። ሁለት እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ገፋችኝ።

«ሂጂ። ሻንጣሽን እኔ እልክልሻለሁ። ሂጂና ለሽማግሌው አማርኛ አስተምሪያቸው።»

እቅፍ ላደርጋት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ሰዓቴ ሦስት ካለፈ በኋላ ዋናው ከተማ አረፍኩ፤ ሮቤ ገና ጠዋት ነው። መኝታ ቤታችን ድረስ ሄጄ ሻንጣዬን ላመጣ ብል የአዲስ አበባው ያመልጠኛል፤ ተውኩት። ስልኬን ከፈትኩ። አሁንም አንድ ምልክት። ስልካቸው ዝግ ነው። ለእናቴ ደወልኩ።

«ልጄ! የት ነሽ?»

«አየር ማረፊያ ነኝ እማዬ።»

«የየት አገር አየር ማረፊያ?»

«የጃፓን ነዋ፣ ልሳፈር ነው። ለምን እንዲህ ትያለሽ?»

«ያ ዋስሽ ዛሬ በማለዳ እዚህ ጎባ መጥተው ነበር። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ስለ አጥሩ ጠየቁኝ። ጣሪያው ያፈሳል ወይ አሉኝ። ውሃ ጠጡ። ሦስት ጊዜ ሊናገሩ ብለው ተዉት። ሲወጡ ‹አይዞዎት› አሉኝ። ምን ሆኜ ነው አይዞዎት የሚሉኝ? ልጄ፣ የሰማሽው ነገር አለ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ሄደሽ በአካል ንገሪልኝ፣ ልሳፈር ነው በያቸው አልኳት። ከምሳ በኋላ ሮቤ ወርዳ መሥሪያ ቤት ጠየቀች። ፈቃድ ወስደው ጊኒር፣ ወንድማቸው ጋ ሄደዋል አሏት። ይህን የሰማሁት አዲስ አበባ ስገባ ነው። ለኃላፊው ይናገሩ አይናገሩ ማንም አያውቅም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ረቡዕ ሮቤ ገባሁ። ሐሙስ ጠዋት ያለ ሻንጣ፣ ያለ ስጦታ፣ ሥራ ጀመርኩ። የአስተዳደሩ ሰዎች «እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ፣ ቸኮሌት የታለ አሉኝ። ከፊታቸው ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ደብዳቤ እንደሌለ ያወቅኩት እንዲያ ነው፤ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አይቀልዱም። ጋውኔን ለብሼ ማጣሪያ ወረቀት እያጠፍኩ ሳለ በሩ ተከፈተ።

ጋሼ ናቸው። ከጊኒር አውቶቡስ እንደወረዱ ነው፤ ጫማቸው አቧራ ነው። አይተውኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«ቢስሚላህ» አሉ።

«ጋሼ...»

«ከየት መጣሽ?»

«ከጃፓን። ማክሰኞ አዲስ አበባ ገባሁ። ስልክዎ ዝግ ነበር...»

«ማየት አልቻልኩም። ለሴትየዋ ሰጠኋትና ደብቂልኝ አልኳት።» በርጩማ ስቤ ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። «‹ጠፋሁብዎት› አላልሽኝም?»

ነገርኳቸው። ደሴቱን፣ ነፋሱን፣ ሱቁን፣ መብራቱን። ቃሉን እንዴት ብዬ እንደጻፍኩት፣ ምን ለማለት እንደፈለግሁ። ራሴን ቀና ሳላደርግ እንደ ተማሪ ተናገርኩ። ሰምተው ሲጨርሱ በጥፍራቸው ጠረጴዛውን አንኳኩ።

«አማርኛ አላውቅም ብዬ እንዳላመካኝ፣ ኦሮምኛውም ያው ነው። ባዴ። የጠፋውም ባዴ፣ የተጠፋፋውም ባዴ። ሁለት ቋንቋ አውቄ ሁለቱም ከዱኝ!» ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ።

በእጃቸው የተጻፈ ነው። «ዋስ የሆንኩላት ሠራተኛ ስለጠፋች፣ ይህንኑ አስቀድሜ ለማሳወቅ» ብሎ ይጀምራል። ቀኑ የእሑድ ነው። ከታች ፈርመውበታል።

«ሰኞ ላስገባው ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። መጀመሪያ እናትሽ ከሰው አፍ ከምትሰማ እኔ ልንገራት ብዬ ጎባ ሄድኩ። ስታየኝ ደስ አላት። እዚያ አፌ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ የኃላፊው ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ሳላስገባው ተመለስኩ። ለወንድሜ ብቻ ነገርኩት፤ ጡረታዬ ቢያዝ አንድ ክፍል ትሰጠኛለህ ወይ ብዬ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«ይቺን ይቅርታሽን ተዪልኝ፣ እሷ ናት የገደለችኝ።» ወረቀቱን መልሰው ተቀበሉኝ፣ ግን አልቀደዱትም። በሩን ገርበብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሚቀጥለው ወር ሌላ ልጅ ልትሄድ ነው። እሷም መጥታ ዋስ ይሁኑኝ ብላኛለች። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ። ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ አላሰብሽውም?»

አላሰብኩም ማለት ቀላል ነበር። ከአምስት ሳምንት በላይ በየቀኑ አንድ ቃል ልኬላቸዋለሁ፤ አንድ ተጨማሪ ቃል ነው። ግን ሰውየው አራት ቀን ሙሉ በዚያ ወረቀት ተቀጥተዋል፤ መልሱን የከፈሉበት ይመስለኛል።

«አስቤዋለሁ» አልኩ።

ፊታቸው አልተለወጠም። «ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ። ሰኞ ጠዋት። አውቶቡስ እየጠበቅኩ።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«አላውቅም። አውቶቡሱ እስኪመጣ።»

ከውጭ የናሙና አፈር የጫነ መኪና ሲገባ ይሰማል።

«የዚያ አገር አውቶቡስ በሰዓቱ ነው የሚመጣው ይላሉ» አሉ።

«አዎ፣ በሰዓቱ መጣ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ ቁልፋቸውን አወጡ፣ ወደ ግምጃ ቤቱ ሊሄዱ ዞሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

«ቢዘገይ ኖሮስ?» አሉኝ።

በእጄ የያዝኩት ማጣሪያ ወረቀት ተጨማድዶ ነበር። መልስ ጠብቀው ቆዩ፤ ከዚያ ሄዱ።